ፈሪ ውሻ ሲነክስ ምን እናድርግ?

በናይሮቢ ካሳራኒ አካባቢ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። በናይሮቢ በየበሩ ላይ በስዋሂሊ «ምብዋ ካሊ» ማለትም «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ልጆችን የሚነክሰው ብዙ ጊዜ የማያውቁት ኃይለኛ ውሻ ሳይሆን አብሯቸው የሚውለው የቤት ውሻ ነው። ይህ በከተማም ሆነ በካምፕ ያለ ችግር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቦቢ የሚባል ውሻ በጣም ፈሪ ነው። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ይደበቃል። የቤቱ ልጅ እጁን ሰዶ ሊያወጣው ሲጎትተው ቦቢ ጣቱን ነከሰው። አባት ተቆጥቶ ውሻውን በዱላ መታው። እናት ደግሞ «ትንሽ ጭረት ናት» ብላ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበት። በዚህ ቤት ሁለት ስህተቶች ተፈጽመዋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ውሻውን መምታት

ፈሪ ውሻ የሚነክሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መሸሻ ሲያጣ «ተወኝ» ማለቱ ነው። ሲመታ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ቶሎና አጥብቆ ይነክሳል። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦

• ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል።
• ፊቱን ያዞራል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል።
• ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ ያጉረመርማል።

ሲያጉረመርም አይቆጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቁን የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ፦

1. ሰው የማይደርስበት የራሱ ማረፊያ ያዘጋጁለት። እዚያ ሲገባ ማንም አይከተለው።
2. ወደ እርሱ አይሂዱ፤ እርሱ ይምጣ። እንግዳ አይኑን አፍጥጦ አይየው፤ ከሩቅ ትንሽ ምግብ ይጣልለት።
3. ትንሽ ልጅን ከውሻ ጋር ብቻውን አይተዉ። ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቿን ስታጠባ እንዳይነኩ ልጆችን ያስተምሩ።
4. ቀኑን ሙሉ አስረው አያውሉት። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ለመንከስ ይቀርባል።
5. ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

ሁለተኛው ስህተት፦ ቁስሉን መናቅ

የእብድ ውሻ በሽታ በታመመ እንስሳ ምራቅ ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞቱበታል፤ ከ100ው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100ው 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ በጊዜ ከተደረሰበት መከላከል ይቻላል፦

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ቡና፣ ዘይት ወይም ቅጠል አያድርጉበት።
2. ትንሽ ጭረት እንኳ ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚያስፈልገውን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ቁስሉ ከደማ ከክትባቱ ሌላ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ስለ ቴታነስ ክትባትም ይጠይቁ።
3. ክትባቱን ጀምረው አያቋርጡ። ቀድሞ በአገራችን በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ የሚያስታውሱ ሰዎች ይፈሩታል። የዛሬው ክትባት ግን በክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ ነው።
4. ውሻውን አይግደሉት። አስሮ ወይም ዘግቶ ለ10 ቀን መከታተል ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ሕክምናውን ለመጀመር ግን 10 ቀን አይጠብቁ።

ጠበል መጠመቅም ሆነ መጸለይ ለሚፈልግ ሰው ክልከላ የለም፤ ነገር ግን ክትባቱን አይተካም። ቁስሉ ታጥቦ መርፌው ይቅደም።

ቀድሞ መከላከል

የእብድ ውሻ በሽታ ለእኛም ለኬንያም አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ወረርሽኙ በ1903 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመዝግቧል። ኬንያ ከ2014 እስከ 2030 ባወጣችው ዕቅድ በሽታው በሰው ላይ እንዳይደርስ ለማድረግ ተነሥታለች፤ ዋናው መንገድም ከ100 ውሾች ቢያንስ 70ውን መከተብ ነው። ስለዚህ ውሻዎን በየዓመቱ ያስከትቡ፤ የክትባቱን ካርድም ያስቀምጡ። ቤት ውስጥ ብቻ የሚውል ፈሪ ውሻም ክትባት ያስፈልገዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቦቢ ቤተሰብ ምን ማድረግ ነበረበት?
2. ልጆቻችን የተነከሱትን ሳይደብቁ እንዲነግሩን ምን እናድርግ? (የሚገረፍ ልጅ ይደብቃል።)
3. በአካባቢያችን ክትባቱ የሚገኘው የት ነው? በጎ ፈቃደኞች ቦታውን አስቀድመው አጣርተው ለጎረቤት ያሳውቁ።