የናፍጣ ሞተር አየር መሳቢያ ውሃ እንዳይገባበት ስለ መጠበቅ

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በበጋ በብዙ ስፍራ በእግር የሚሻገሩአቸው ወንዞች ናቸው። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ከደጋው የወረደውን ጎርፍ ሁሉ ሰብስበው ወደ ጣና ሐይቅ ሲወርዱ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ የሚታወስ ነው። ዘር፣ ማዳበሪያና የከብት መድኃኒት ወደ ገጠር የሚደርሰው ግን በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ አውቶሞቢልን ለሥራ የሚያዝ ሹም ሁሉ የናፍጣ ሞተር ውሃን እንዴት እንደሚፈራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ መጓዝ የጀመረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበረ፤ ከፊቱም መንገድ ይጠረግለት ነበር። ከባድ ነገርን የሚያንቀሳቅስ ሰው አስቀድሞ ወራቱንና መንገዱን መመልከት እንዳለበት ይህ ያስተምራል።

ስለ ሞተሩ አሠራር። በጀርመናዊው መሐንዲስ በሩዶልፍ ዲዝል ስም የሚጠራው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየሩን ብቻውን ስቦ እጅግ አጥብቆ ይጨቁነዋል፤ አየሩም በመጨቆኑ ብዛት ስለሚግል የተረጨበትን ናፍጣ ያቃጥላል። የቤንዚን ሞተር የመብራቱ መሥመር ሲርስ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ በመጥፋቱም ከከፋ ጉዳት ይድናል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የማይሻ ስለ ሆነ መሳቢያው ውሃ ውስጥ ቢገባም መሳቡን አይተውም።

አየር ይጨቆናል፤ ውሃ ግን አይጨቆንም። አንዱ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ 700 ሳንቲ ሜትር ኩብ የሚስብ፣ የመጨቆኑም ልክ 22 ለ1 የሆነ ሞተር ቢኖር፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚተርፈው ስፍራ 33 ሳንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ይህም ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ከዚህ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መሄጃ ያጣል፤ ቢየላውም ይጣመማል ወይም ይሰበራል፤ አንዳንድ ጊዜም የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። በደቂቃ ውስጥ የጠፋውን ለመጠገን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሳምንት ይጠይቃል።

ስለ መከላከያው። በብዙ መኪናዎች የአየሩ መግቢያ ከኮፈኖው ሥር ነው። ይህን መግቢያ በቧንቧ እስከ ጣራው ማንሣት መልካም ነው። ቧንቧው ስኖርክል ይባላል፤ ስሙም የመጣው የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በናፍጣ ሞተር ሲሄዱ አየር ከሚስቡበት ቧንቧ ነው። በበጋም ከፍ ካለ ስፍራ የሚሳበው አየር አቧራው ያነሰ ስለሚሆን ማጣሪያው ቶሎ አይዘጋም። ሆኖም ለአቧራ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ መጋጠሚያው ውሃ የሚያስገባ ቧንቧ አለ። ስለዚህ የሚከተለውን መመርመር ያሻል፤

1ኛ፤ ቧንቧው ከማጣሪያው ቤት ጋራ የሚጋጠምበት ሁሉ በጎማና በማጥበቂያ ቀለበት የጠበቀ ይሁን፤ የማጣሪያውም ቤት ክዳን ያልተሰነጠቀ ይሁን።

2ኛ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየሠራ ሳለ የቧንቧው አፍ በጠፍጣፋ ጎማ ለጥቂት ጊዜ ይከደን። ሞተሩ ከታፈነ መጋጠሚያው ደኅና ነው፤ መሥራቱን ከቀጠለ ግን አየር በሌላ ስፍራ እየገባ ነውና ውሃም በዚያው ይገባል።

3ኛ፤ የዲፈረንሲያሉና የማርሹ መተንፈሻ ቀጭን ቱቦዎችም ከፍ ይበሉ። የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነከር ውሃን ወደ ውስጥ ይስባልና።

ስለ መሻገር። ቧንቧ ያለው መኪና ጀልባ አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሳሽ ውሃ አብዛኛውን አውቶሞቢል አንሥቶ ይወስዳል። ስለዚህ ወንዙ በኃይል ሲወርድ፣ ወይም መሬቱ በማይታይበት ድፍርስ ውሃ መግባት አይገባም። የቆመና ልኩ የታወቀ ውሃ ሲሆን፣ የፋብሪካው መጽሐፍ ከፈቀደው ጥልቀት ሳያልፉ፣ በከባድ ማርሽ በሰው እርምጃ ልክ፣ መካከል ላይ ማርሽ ሳይለውጡ መሻገር ነው። በፍጥነት የገባ ውሃውን በራሱ ላይ ያነሣዋል።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ሞተሪኖውን ደግሞ መምታት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከመጀመሪያው ውሃ የተረፈውን ሞተር ብዙ ጊዜ የሚሰብረው ሁለተኛው ሙከራ ነው። መኪናው ተጎትቶ ይውጣ፤ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ ማጣሪያው ይከፈት። ማጣሪያው ርሶ ከተገኘ መካኒክ የናፍጣውን መርጫዎች አውጥቶ ሞተሩን በእጅ እያዞረ ውሃውን ያስወጣ። ዘይቱም ወተት መስሎ ከነጣ ሳይለወጥ ሞተሩ አይነሣ። በወንዝ ዳር ውሃ የሚስቡ የመስኖ ሞተሮችም ሕጋቸው ይኸው ነው፤ ጎርፍ ከመምጣቱ አስቀድሞ ከፍ ወዳለ ስፍራ ይወሰዱ።

በመጨረሻ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ሾፌር አደጋውን እያየ ወደ ውሃ የሚገባው ብዙ ጊዜ «ለምን ዘገየህ» መባልን ፈርቶ ነው። ስለዚህ የሚያዝ ሹም፣ ሾፌሩ ውሃው እስኪጎድል ለመቆም ሙሉ ፈቃድ እንዳለው አስቀድሞ ይንገረው፤ ቢቻልም በጽሑፍ ይስጠው። አንድ ቀን የዘገየ ዘር ይዘራል፤ ሞተሩ የተሰበረ መኪና ግን የክረምቱን ሥራ ሁሉ ያስቀራል፤ በጎርፍ የተወሰደ ሰውም አይመለስም።