አልኮልና የመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት

«ሽሉ ገና የሰሊጥ ፍሬ ቢያህል ነው፤ ከጠጣችው ውስጥ ለእርሱ የሚደርሰው ምን ያህል ነው?» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ እንሰማለን። አስተያየቱ ለምን ስሕተት እንደሆነ ለመረዳት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ይበቃናል።

መጠንና ክምችት

በመጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል ኤታኖል ይባላል። ሞለኪዩሉ ከ9 አቶሞች ብቻ የተሠራ ሲሆን በውሃም በስብም ይሟሟል። ስለዚህ ግሉኮስ የሚያሻው ዓይነት አሸጋጋሪ ሳያስፈልገው የሕዋስን ሽፋን አልፎ፣ ክምችቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሰራጻል። ስርጸቱ የሚያቆመው በሁለቱም ወገን ያለው ክምችት ሲስተካከል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ይዟል። የኤታኖል እፍጋት በሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ስለሆነ ክብደቱ 13 ግራም ያህል ይሆናል። ክብደቷ 50 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት በሰውነቷ ውስጥ ወደ 25 ሊትር ውሃ አላት ብንል፣ ክምችቱ በሊትር 0.5 ግራም ገደማ ነው። ወደ ሽሉ የሚደርሰው ጠቅላላ መጠን በእርግጥ ኢምንት ነው፤ ክምችቱ ግን ከእናቲቱ ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። ሕዋስን የሚጎዳው ደግሞ ክምችቱ ነው። እናቲቱ አልኮሉን የሚያስወግድ ጉበት አላት፤ ሽሉ ግን ገና የለውም።

45 በመቶ የሚደርስ አልኮል ያለው አረቄ ቢሆን፣ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ ከዚያ ቢራ ጋር የሚስተካከል ኤታኖል ትሰጣለች። በየቤቱ የሚዘጋጁት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ጠጪዋ ስሌቱን ልትሠራ እንኳ አትችልም።

የጊዜው ጉዳይ

ከጽንሰት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሽሉ ሦስት የሕዋስ ንጣፎችን ይሠራል፤ ልብ በ22ኛው ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል፤ አእምሮና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ይዘጋል። የወር አበባ መቅረት የሚታወቀው ግን ከጽንሰት ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ገና ስትጠራጠር ዋናው ግንባታ ተጀምሯል።

ፖል ሌምዋን በፈረንሳይ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም ጆንስና ስሚዝ በአሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. በእርግዝና ወቅት ብዙ አልኮል ይጠጡ ከነበሩ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት የጋራ ምልክቶች እንዳሏቸው ገለጡ፤ እነዚህም የዕድገት መቀጨጭ፣ የቀጠነ የላይኛው ከንፈር፣ ያጠረ የዓይን ስንጥቅና የአእምሮ ጉዳት ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ካትሊን ሱሊክና ባልደረቦቿ በሰው ሦስተኛው ሳምንት ከሚሆነው ጋር በሚመሳሰል ቀን ለእርጉዝ አይጦች አልኮል ሰጡ። በሽሎቹ ላይም ተመሳሳይ የፊት ቅርጽ ታየ።

ማጠቃለያ

አንድ ጊዜ የጠጣች ሴት ሁሉ የተጎዳ ልጅ ትወልዳለች ማለታችን አይደለም፤ ጉዳቱ በመጠኑ፣ በጊዜውና በሰዉ ተፈጥሮ ይለያያል። ይሁን እንጂ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን እስካሁን አልተገኘም። በመሆኑም ለማርገዝ ያሰበች፣ ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት ከመጠጥ ብትታቀብ ይመረጣል። ማርገዟን ሳታውቅ የጠጣች ደግሞ ከመሸማቀቅ ይልቅ ዛሬውኑ ትተው፤ ለጤና ባለሙያም ትንገር። አእምሮ እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ ስለሚያድግ፣ ማቆም በየትኛውም ሳምንት ይጠቅማል። «አንዲት መለኪያ ምን ታደርጋለች?» እያልን የምንጋብዝ ባሎች፣ ዘመዶችና ጓደኞችም ስሌቱን አንርሳ።