የአንጎል ምስል በሕፃናት የቲቢ ማጅራት ገትር ምርመራ፦ ለደቡብ ጎንደር ጥናቶች የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ቲቢ በሕፃናት ላይ ከሚይዛቸው መልኮች እጅግ አደገኛው የአንጎልን ሽፋን የሚያጠቃው ነው። አጀማመሩ ዝግ ያለ በመሆኑ ትኩሳቱ፣ ትውከቱና የክብደት መቀነሱ ከሌሎች የሕፃናት ሕመሞች ጋር ይመሳሰላል። በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ አነስተኛ ስለሆነ የጂን ኤክስፐርትም ሆነ የካልቸር ምርመራ ባክቴሪያውን አለማግኘቱ በሽታው የለም አያሰኝም። ስለዚህ ሐኪሙ ከሕመም ምልክት፣ ከፈሳሽና ከአንጎል ምስል የተገኘውን ማስረጃ ያጣምራል።

የምስሉ ድርሻ

ሲቲ ስካን በዋናነት ሦስት ለውጦችን ያሳያል፤ እነርሱም በአንጎል ሥር ያለው ሽፋን በኮንትራስት መድምቁ፣ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ (ሃይድሮሴፋለስ) እና በደም ሥር መዘጋት የተጎዳ የአንጎል ክፍል ናቸው። ኤምአርአይ የኋለኛውን ቀድሞ ይለያል። ይሁንና በሕመሙ መጀመሪያ ላይ የተነሳ ምስል ምንም ለውጥ ላያሳይ ይችላል።

የነጥብ አሰጣጡ

በ2010 እ.ኤ.አ. ለምርምር የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለሕመም ምልክት እስከ 6፣ ለፈሳሽ እስከ 4፣ ለምስል እስከ 6፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ለሚገኝ የቲቢ ማስረጃ እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ሌሎች በሽታዎች ከተወገዱ በኋላ «በጣም የሚያጠራጥር» ለመባል ምስል ካልተነሳ 10፣ ከተነሳ ግን 12 ነጥብ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ከ5 ቀን በላይ የታመመና ክብደቱ የቀነሰ ሕፃን 6 ነጥብ፣ ከፈሳሹ ምርመራ ደግሞ 4 ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 10 ይሆናል። ምስል ካልተነሳ «በጣም የሚያጠራጥር» ይባላል። ተነስቶ ለውጥ ካልታየ ግን ወደ «ሊሆን የሚችል» ደረጃ ይወርዳል። የሽፋኑ መድመቅ 2፣ ሃይድሮሴፋለስ 1 ነጥብ ቢጨምሩለት ድምሩ 13 ሆኖ ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል።

ውይይት

ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ከዚህም ይረዝማል። ለምስል ወደ ሌላ ከተማ የተላከ ሕፃንና ያልተላከ ሕፃን አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው በሁለት ደረጃ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሁለቱን ሳይለይ የሚደምር ጥናት የመሣሪያውን አቅርቦት ልዩነት የበሽታው ልዩነት አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል።

ማጠቃለያ

በአካባቢው የሚሠራ ተመራማሪ ምስል መነሳቱን፣ ሕመሙ በጀመረ በስንተኛው ቀን እንደተነሳና ኮንትራስት መሰጠቱን ሊመዘግብ፣ ምስል ያላቸውንና የሌላቸውንም ለየብቻ ሊተነትን ይገባል። መመዘኛው የተዘጋጀው ጥናቶችን ለማነጻጸር እንጂ ሕክምናን ለመከልከል አይደለም። ጥርጣሬው ጠንካራ በሆነበት ሕፃን ሕክምናው ምስልን መጠበቅ የለበትም፤ ለውጥ ያልታየበት ምስልም ብቻውን የተጀመረ ሕክምናን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም።