የድሮ ማድ ቤት ለሚያድሰው ልጄ

ልጄ፣ ብሬይብሩክ የገዛኸው የእንጨት ቤት አጥንቱ ደህና ነው፤ ማድ ቤቱ ግን አርጅቷል። ገንዘብህ በግዢው እንደተሟጠጠ፣ እጅህም መዶሻ ለማንሳት እንደቸኮለ አውቃለሁ። እዚህ ሜልቦርን የብዙ ወገኖቻችን ቤት ሲታደስ አብሬ ሠርቻለሁና ቁጭ በልና ስማኝ።

1. ሳታበስልበት አታፍርሰው። አንድ ወር እንደ ልማዳችሁ ወጥ ሥሩበት፣ ቡና አፍሉበት። የት እንደምትጋፉ፣ ትልቁ ድስት የት እንደሚያርፍ፣ የጤፉ ከረጢትና የሊጡ ዕቃ የት ቢሆን እንደሚሻል የሚያሳያችሁ ሥራው ነው። የሱቅ ማሳያ አይቶ የቀዳ ሰው ለክርስትና ድግስ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቦታ ሲያጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

2. ግድግዳውን ሳታስመረምር አትንካ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የግድግዳው ብናኝ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው። ቤትህ የ1950ዎቹ ነው። በዚህ አገር ከ1990 በፊት የተሠራ ቤት አስቤስቶስ አለበት ብለህ ተነሳ፤ ጨርሶ የተከለከለው በ2003 መጨረሻ ነው። ለሰፈራችንም እንግዳ አይደለም፤ ሰንሻይን ኖርዝ የነበረው የዉንደርሊች ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሲያመርት ኖሯል። በማድ ቤት ከሴራሚኩ ጀርባ ባለው ስስ የሲሚንቶ ሰሌዳና በአሮጌው የወለል ፕላስቲክ ሥር ይገኛል። ካልተነካና ካልተጎዳ ብዙም አያሰጋም፤ ስትሰብረው፣ ስትበሳው፣ በመጋዝ ስትቆርጠው ግን ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣል። በሽታው የሚገለጠው ከ20ና ከ30 ዓመት በኋላ ነው፤ ዛሬ ሳሎን የሚድኸው ልጅህ ያኔ ጎልማሳ ነው። ናሙናውን በታወቀ ላቦራቶሪ አስመርምር፤ ከተገኘም ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ያንሳው። አሮጌውን ቀለም ደግሞ በደረቁ አትፈግፍገው፤ ከ1970 በፊት የተቀባ ቀለም እርሳስ አለው ብለህ ያዘው።

3. ለምጣዱ የራሱን መስመር አዘርጋ። የአውስትራሊያ ተራ ሶኬት 10 አምፒር ነው፤ ቢበዛ 2,400 ዋት ያህል ነው የሚሸከመው። ከአገር ቤት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የእኛ ሰዎች ተራ መሰኪያ ይገጥሙለትና በማራዘሚያ ገመድ ይጋግራሉ። ሶኬቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፤ በእንጨት ቤት ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣውን አንተም ታውቀዋለህ። ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ መስመር ማስገባት ቀላል ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ግን አዲሱን ሴራሚክ ማስነሳት ሊሆን ነው። ምጣዱን ራሱን ለኤሌክትሪሽያኑ አሳየው፤ ዋቱን አንብቦ የሚበቃውን ሽቦ ይምረጥልህ። አሜሪካ ያለች ዘመድህ የምትልክልህን ግን አትቀበል፤ የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 230። በቪክቶሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ መስመር አይነካም። ሥራው ሲያልቅ የደኅንነት ሰርተፍኬቱን ተቀብለህ በደንብ አስቀምጥ።

4. ጭሱን ከቤት አስወጣ። ሽንኩርት እናቁላላለን፣ ቅቤ እናነጥራለን፣ ቡና እንቆላለን። አየሩን አጣርቶ መልሶ እዚያው ክፍል የሚለቅ ጭስ መሳቢያ ለዚህ አይሆንም፤ በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ግዛ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ ብለህ ባትሪውን እንዳታወጣ፣ አደራ። ኢንዳክሽን ምድጃ የምታስገባ ከሆነም ማግኔት የሚይዘውን ዕቃ ብቻ ስለሚያሞቅ የሸክላ ጀበና አይፈላበትም። ለጀበናው ሌላ ትንሽ ምድጃ የሚቀመጥበት ቦታ ተው።

5. ማጠቢያውን ካለበት አታንቀሳቅሰው። ቧንቧና ፍሳሽ ማዛወር ወለል ማስከፈት ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ያለቀው እዚያ ነው።

6. ለዓይን በሚታየው ቆጥብ። የቁምሳጥኑ ሳጥን ደህና ከሆነ በሩን፣ ማጠፊያውንና እጀታውን ብቻ ቀይር። ሳጥኑ ከተበላሸም ሌሎች ማድ ቤታቸውን ሲቀይሩ ያወጡትን በማርኬትፕሌስ በርካሽ ታገኛለህ፤ ልክህን ጽፈህ ሂድ። ለካውንተሩ ላሚኔት ይበቃሃል። የተረፈ ሰው ሠራሽ ድንጋይ በቅናሽ ልግጠምልህ የሚል ቢመጣ እሺ አትበል። ብናኙ የስንቱን ድንጋይ ቆራጭ ሳንባ በሲሊኮሲስ ስለጎዳ፣ አውስትራሊያ ከዓለም ቀድማ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳዋለች።

7. የእኛው ልጅ ቢሆንም ውልህ በጽሑፍ ይሁን። ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ነው ተብሎ ግማሹ ገንዘብ በእጅ ተሰጥቶ ሥራው መሐል ላይ የቆመባቸውን ቤቶች አውቃለሁ፤ ከገንዘቡ ጋር ወዳጅነቱም ነው የሄደው። የቪክቶሪያ የ1995 ሕግ የቤት ግንባታ ቅድመ ክፍያ ከ20,000 ዶላር በታች ለሆነ ሥራ ከ10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። ይህን ለሠራተኛው ስትነግረው አትፈር፤ ደህና ሠራተኛ አይቀየምም። የመጨረሻውን ክፍያም ቧንቧው ተከፍቶ ፍሳሹ ሳያንጠባጥብ፣ ምጣዱም ግሎ ሶኬቱ ሳይሞቅ እስክታይ ድረስ እጅህ ላይ አቆየው።