ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና የአንጾኪያ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ስም የማያውቅ አስቀዳሽ የለም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። የዕብራውያንን መልእክት የተረጎመባቸውን 34 ድርሳናትም ሊቃውንቶቻችን በጉባኤ ቤት ከነአንድምታው ያስተምሩታል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ስሙን እየሰማሁ አደግሁ እንጂ ትምህርቱን ገልጬ ያነበብኩት ከብዙ ዘመን በኋላ በአንድ ዓቢይ ጾም ነው። ለሊቃውንት ብቻ የሚሆን እየመሰለኝ እፈራው ነበር። ስከፍተው ያገኘሁት የገበያውንና የቤቱን ነገር ነው።

ያነበብኩት በ387 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአንጾኪያ ያስተማራቸውን 21 ስብከቶች ነው። «ስለ ሐውልቶቹ» ይባላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ጣለ። ሕዝቡም ተቆጥቶ ወጣና የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ጥሎ በየመንገዱ ጎተተ። በዚያ ዘመን ይህ ንጉሡን ራሱን እንደ መድፈር ነው። ብዙዎች ተይዘው ተገደሉ፤ ብዙዎችም ከተማውን ጥለው ሸሹ። የቀረው ደጁን ዘግቶ፣ ዛሬ መጡብን ነገ መጡብን እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊቀ ጳጳሱ ፍላብያኖስ እርጅናቸው ሳያግዳቸው ምሕረት ሊለምኑ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዱ። ሕዝቡን የማጽናናቱ ሥራ፣ ቅስና ከተቀበለ ገና አንድ ዓመቱ ለሆነው ለዮሐንስ ቀረ። ጾሙም ገባ።

እዚህ ላይ ስደርስ ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር። እርግጥ አጽናንቷቸዋል። ግን ደጋግሞ፣ በየስብከቱ መጨረሻ የሚመለስበት ነገር አንድ ነው፦ መሐላ ተዉ! ከተማው ሊጠፋ ነው፣ እሱ ስለ መሐላ ያወራል። ሌላ ነገር አስተምረን ለሚሉትም እስኪተዉ ድረስ እንደማይተዋቸው ነገራቸው። እንደሚመስለኝ የንጉሡ ልብ በእነርሱ እጅ አልነበረም፤ ምላሳቸው ግን በእጃቸው ነበረ።

ሥጋ ትቶ ወንድሙን በሐሜት የሚበላ ሰው ምን ጾመ ይላል። ዓይንም፣ ጆሮም፣ እጅም ይጹሙ ይላል። ይህንንማ ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓም እንሰማዋለን። እኔን የያዘኝ ስለ ሄሮድስ የተናገረው ነው። መጥምቁ ዮሐንስን ያስገደለው የንጉሡ መሐላ ነው (ማር. 6፥26)። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ያን የተቆረጠ ራስ በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባና ገዳዩን መሐላን እንዲጠላ መከራቸው። የማለ ሰው ደግሞ በዚያ ምሽት ራት ሳይበላ በመተኛት ምላሱን ይቅጣ አለ።

እስቲ ወደ እኛ ቤት እንምጣ። «ማርያምን!»፣ «ሚካኤልን!»፣ «እናቴ ትሙት!» ሳንል የምንውልበት ቀን አለ? እኔ በትንሽ ሱቅ ስሠራ «ማርያምን፣ መግዣው ነው» እያልኩ አትርፌ ሸጫለሁ። ያውም በፍልሰታ! ጌታ ከቶ አትማሉ ማለቱን (ማቴ. 5፥34) አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

የራቱን ነገር ሞከርኩት። ቀኑን ጾሞ ለዋለ ሰው ራት መቅረት ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ጦሜን አደርኩ። በሁለተኛው ሁለት ቀን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ በዋጋው አላምን ብሎኝ «ማርያምን በለኝ» አለኝ። ዝም አልኩ። ትቶኝ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ።

የአንጾኪያ ሰዎች ምሕረት አገኙ፤ ሊቀ ጳጳሱም ለፋሲካ ተመለሱ። የመጨረሻው ስብከት ሽማግሌው በንጉሡ ፊት ቆመው እንዴት እንደለመኑ ይተርካል። ጊዜ ያጣ ሰው እሱን ብቻ እንኳ ቢያነብ ጥሩ ነው። የራቱን ቅጣት ግን፣ በተለይ የታመማችሁና ነፍሰ ጡሮች፣ ንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።