ሶስት ፌዙ ሞተር በነጠላ ፌዝ ሱቅ ውስጥ

ጥያቄ፦ መርካቶ የሚሠሩ አንድ አንባቢ በቺንጋ የሚዞር አሮጌ ግራይንደር ገዝተዋል። ሞተሩ ሶስት ፌዝ ነው፣ የሱቃቸው መስመር ግን ነጠላ። ሞተሩ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

መልስ፦ ይጠገን! የተጣለ ቆርቆሮና በርሜል ምድጃ በሚሆንበት በምናለሽ ተራ አካባቢ ደህና ሞተር መጣል ያሳዝናል።

ቀድሞ የሚነበበው የሞተሩ ሰሌዳ ነው። «220/380 ቮልት» ካለ፣ ነጠላ ፌዝ 220 ተቀብሎ ሶስት ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር ያሠራዋል፤ የጥቅሎቹ ጫፎች ግን በኮከብ ሳይሆን በትሪያንግል ይታሰሩ። «380/660» ካለ በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ኢንቨርተሩ ከመገናኘቱ በፊት በጥቅሉና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር ይለካ። ንባቡ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ጥቅሉ ይድረቅ፤ ካልተሻሻለ እንደገና ይጠቅለል። ኩሽኔታዎቹም አብረው ይቀየሩ።

ትልቁ አደጋ ፍጥነት ነው። በ50 ኸርዝ በደቂቃ 1,440 ጊዜ የሚዞር ሞተር፣ ፑሌጃው የድንጋዩን ፑሌጃ እጥፍ ከሆነ፣ ድንጋዩን 2,880 ጊዜ ያዞረዋል። ኢንቨርተሩ ወደ 60 ኸርዝ ሲወጣ ቁጥሩ 3,456 ገደማ ይደርሳል። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 3,000 ቢሆን ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ 50 ላይ ይገደብ።

ድንጋዩም ከመታሰሩ በፊት በእንጨት እጀታ ቀስ ተብሎ ይመታ፤ ድምፁ ካልጠራ ተሰንጥቋልና ይወገድ።

የድንጋዩ መሸፈኛ ከሌለ ግን ሞተሩ አይነሳ። አንባቢያችን፣ እባክዎ በወፍራም ላሜራ ያሠሩለት።