የባሕር ሕመምና መከላከያው

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት፦ በአውቶቡስ ሲጓዙ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ሕመሙን ለማስታገሥ ምን ሲያደርጉ አይታችኋል? በቃል ተነጋገሩበት።

«ቢግል» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 1831 ከፕሊመዝ ወደብ ስትነሣ ከተሳፋሪዎቿ አንዱ የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ቻርልስ ዳርዊን ነበር። የመርከቢቱ ርዝመት 27 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበር የክረምቱ ማዕበል እንደ ቅል ያንገላታት ጀመር። ወጣቱም ገና ከወደቡ እንደ ራቁ ራሱን አዞረው፤ የቀመሰውም ሁሉ ከሆዱ አልረጋ አለ። ሊውጠው የቻለው ዘቢብና ደረቅ ብስኩት ነበር። ጥቂት ቀን ሲሰነብት የሚለምደው መስሎት ነበር፤ ዳሩ ግን ጉዞው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1836 እስኪፈጸም ድረስ ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀውም። በጠረጴዛው ላይ ጥቂት ሲሠራ ይቆይና ሲብስበት በገመድ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ጋደም ይላል፤ ሻል ሲለው ደግሞ ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። መርከቢቱ ወደብ በያዘች ቁጥር ወደ ምድር መውረድን ይመርጥ ስለ ነበር ከጉዞው ዘመን ከሦስት ዓመት የሚበልጠውን ያሳለፈው በየብስ ነው። ስመ ጥሩው የባሕር ኃይል አዛዥ ሆሬሽዮ ኔልሰንም ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ በመርከብ ቢያገለግልም ከዚህ ሕመም አልተላቀቀም። ስለዚህ የባሕር ሕመም የፈሪ ወይም የደካማ ሰው ምልክት ነው የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

ሕመሙ የሚሰማው በሆድ ይሁን እንጂ የሚነሣው ከጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው፣ እንደ ቀለበት የጎበጡ ሦስት ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ራስ ዘንበል ወይም ዞር ሲል ፈሳሹ ይነቃነቃል፤ ነርቮችም ይህን ለአንጎል ያስታውቃሉ። እንግዲህ አንድ መንገደኛ በመርከብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል እንበል። ግድግዳው፣ ጠረጴዛውና ወንበሩ ከእርሱ ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ ዓይኑ «ሁሉ ነገር ጸጥ ብሏል» ይላል። ጆሮው ግን «እየወጣን እየወረድን ነው» ይላል። አንጎል እነዚህን ሁለት ምስክሮች ማስታረቅ ሲያቅተው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል።

የጆሮ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ የታየበት አንድ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪሞች ለጠፈር በረራ ጥናት መስማት የተሳናቸው አሥራ አንድ ወንዶችን መርጠው ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም በልጅነታቸው በማጅራት ገትር ታመው ሚዛን የሚጠብቀው የጆሮ ክፍል ተጎድቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሽያ ጠረፍ፣ በሚናወጥ ባሕር ላይ በመርከብ ተወሰዱ። እነርሱ ካርታ እየተጫወቱ ሲሳሳቁ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በማስመለስ ስለ ተሸነፉ ፈተናው ተቋረጠ።

ምክንያቱ ከታወቀ መከላከያውን መረዳት አያዳግትም። ሕመሙ የጀመረው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን አድማስ ቢመለከት ዓይኑም እንደ ጆሮው መናወጡን ያያልና ጠቡ ይበርዳል። የመርከብ ፊትና ኋላ አብዝተው ስለሚነሡና ስለሚወድቁ መካከሉ ላይ መቀመጥ ይሻላል። መጽሐፍ ማንበብ ሕመሙን ክፉኛ ያብሳል። መውጣት ካልተቻለ ዓይንን ጨፍኖ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ መጋደም ነው፤ ዳርዊን ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሆድን ባዶ መተውም ሆነ ቅባት በበዛበት ምግብ ማጨናነቅ አይበጅም። ዝንጅብል ማኘክ ወይም በሻይ አፍልቶ መጠጣት አንዳንዶችን ይረዳል። በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ቁልቁል የሚወርዱ መንገደኞች የሚያሸቱት ሎሚስ? የናፍጣና የምግብ ሽታ ማቅለሽለሹን ስለሚያባብስ ሎሚው ያን ሽታ ይሸፍናል፤ የጆሮንና የዓይንን ጠብ ግን አያበርድም። መስኮት መክፈት በበለጠ በጠቀመ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቢስማማ።

መድኃኒትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት፣ ለቆዳ ሽፍታ አዲስ መድኃኒት የታዘዘላት አንዲት ነፍሰ ጡር በትራም ስትሄድ ያስቸግራት የነበረው ማቅለሽለሽ መጥፋቱን ተናገረች። ሐኪሞቹም በዚያው ዓመት ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን በሚሄድ የጦር መርከብ ላይ በወታደሮች ፈትነው ፍቱን ሆኖ አገኙት። ዲሜንሃይድሪኔት የሚባለው መድኃኒት ይህ ነው። እንክብሉ የሚዋጠው ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውምና። እንቅልፍ ስለሚያመጣ መርከብ ለሚመራ ሰው አይስማማም።

አብዛኛው መንገደኛ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይለምደዋል። ሕመሙ አስጊ የሚሆነው ማስመለሱ ሲበረታ ነው፤ ሰውነት ውሃና ጨው ያጣልና በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ መተካት ያስፈልጋል። መርከብ ሰጥማ ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሲቀሩ ደግሞ የሚጠጣው ውሃ በልክ ነው። ያስመለሰው ሰው ይደክማል፤ ከጀልባው ውሃ መጨለፉንም፣ ለአላፊ መርከብ ምልክት ማሳየቱንም ይተዋል። ከዚህም የተነሣ በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ደኅንነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት በነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ለ48 ሰዓት የሚበቃ የማቅለሽለሽ መድኃኒት እንዲቀመጥ ያዝዛል። የተሳፈሩትም ሕመሙ እስኪጀምራቸው ሳይጠብቁ ወዲያው እንዲውጡት ይመከራሉ።

ጥያቄዎች
1. መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባሕሩ ሲናወጥ ያልታመሙት ለምንድን ነው?
2. «ጠቡ ይበርዳል» ሲል ጠቡ በምንና በምን መካከል ያለ ነው?
3. በመኪና ሲሄዱ የሚያማቸው ሰዎች ከጋቢና ሲቀመጡ የሚሻላቸው ለምን እንደ ሆነ ከምንባቡ ተነሥታችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።